ከእርከኑ በፊት ውሃ ልኩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጎንደር ቆላማና ተዳፋት ቀበሌዎች ስለተራቆተ መሬት ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል።

ጥር ላይ የድንጋይ እርከን ሠርተን ነበር፤ ሐምሌ ላይ አንድ ዶፍ ዝናብ ሦስት ቦታ አፈረሰው። ከሥሩም ቦረቦር ጀምሯል። ዘንድሮ ከፍ አድርገን ብንሠራው ይሻላል? (ከጉሃላ፣ ምሥራቅ በለሳ)

ከፍ ማድረጉ ይቆይ። እርከን የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ አጥሮ ሳይሆን ተጣሞ ነው። የፈረሱትን ሦስት ቦታዎች ሄዳችሁ እዩ፤ ከመስመሩ ዝቅ ያሉት እነሱ ሆነው ታገኟቸው ይሆናል። በዓይን የተሠመረ መስመር ለሰው ቀጥ ቢልም ለውሃ ቀጥ አይልም። አንዲት ስንዝር ዝቅ ያለች ቦታ ካለች የመስመሩ ውሃ ሁሉ ወደዚያች ይሮጣል። እርከኑን ከፍ ብታደርጉት የሚጠራቀመው ውሃ ይበዛል፤ ሲደረመስም ጉዳቱ ይብሳል።

መስመሩን በኤ-ፍሬም፣ ማለትም የእንግሊዝኛውን A በሚመስል የእንጨት ውሃ ልክ፣ አውጡት። ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ የሆኑ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶችን ጫፋቸውን አንድ ላይ እሰሩ፤ እግራቸውን ሁለት ሜትር ያህል ከፍታችሁ መሐል ላይ አግዳሚ ምቱበት። ከጫፉ በሲባጎ ድንጋይ አንጠልጥሉ። አቁማችሁት ሲባጎው አግዳሚውን የነካበት ላይ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ የግራውን እግር በቀኙ፣ የቀኙን በግራው ቦታ አቁማችሁ ሌላ ምልክት አድርጉ። ልኩ የሁለቱ ምልክቶች እኩሌታ ነው። ሲባጎው እዚያ ላይ ሲያርፍ ሁለቱ እግሮች በእኩል ከፍታ ቆመዋል ማለት ነው፤ ካስማ ምቱና ወደሚቀጥለው እለፉ። ከሰዓት ነፋሱ ሲባጎውን ስለሚያወዛውዘው ልኬቱ በጠዋት ይሁን።

መሬታችሁ በ10 ሜትር ርቀት 1 ሜትር የሚወርድ ከሆነ በየ10 ሜትሩ አንድ እርከን ይበቃል፤ ቁልቁለቱ ሲበረታ ይቀራረብ። መሠረቱ 30 ሳንቲ ሜትር ይቆፈር፣ የሥሩ ስፋት 1 ሜትር ገደማ፣ ከፍታው ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ትልልቁ ድንጋይ በቁልቁለቱ በኩል ይደርደር፤ ጠጠሩ ከኋላ ክፍተቱን ይሙላ። ሥራው ሁልጊዜ ከላይ ይጀምር። የላይኛው ማሳ ባለቤት ካልሠራ ግን የእርሱ ጎርፍ የእናንተን እርከን ያፈርሳልና ከማሳው ራስ ላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ አውጡ። የቦዩ መውረጃ ሣር ያለበት ወይም ድንጋያማ ቦታ ይሁን፤ አለዚያ ሌላ ቦረቦር ትፈጥራላችሁ።

የጀመረውን ቦረቦር በክትር፣ ማለትም ቦረቦሩን አቋርጦ በሚሠራ አጭር ግድብ፣ ያዙት። የታችኛው ክትር ጫፍ ከላይኛው ክትር ሥር ጋር እኩል ይሁን፤ ርቀቱን የሚወስነው ይህ ነው። መሐሉ ከዳሩ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ ክንፎቹም በግራና በቀኝ ግድግዳው ውስጥ ግማሽ ሜትር ይግቡ። ጫፉ ደልዳላ የሆነ ክትር ውሃውን በጎን ይሰደዋል፤ በማግሥቱ ክትሩ ቆሞ ቦረቦሩ ግን በጎኑ ሰፍቶ ታገኙታላችሁ።

ላዩ እንደ ሲሚንቶ የጠጠረ፣ ሣር እንኳ የማያበቅል መሬት አለኝ። ማሽላ ያበቅል ይሆን? (ከአርባያ፣ ምዕራብ በለሳ)

ያበቅላል፤ ግን በማረሻ አይደለም። በቡርኪና ፋሶ ዛይ የሚሉት ዘዴ ለእንዲህ ያለ መሬት ይስማማል። ያኩባ ሳዋዶጎ የተባለው ገበሬ በዚሁ ዘዴ ባድማ መሬት ወደ ደንነት መልሶ በ2018 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝቷል።

ከዝናቡ በፊት፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ስፋታቸው 30፣ ጥልቀታቸው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ጉድጓዶች በየ80 ሳንቲ ሜትሩ ይቆፍሩ። የሚወጣውን አፈር በቁልቁለቱ በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ ይከምሩ። የሁለተኛው ረድፍ ጉድጓድ በመጀመሪያው ረድፍ ክፍተት ትክክል ይዋል፤ ያመለጠውን ጎርፍ የሚይዘው እርሱ ነው። በየጉድጓዱ ሁለት እፍኝ (300 ግራም ያህል) የበሰለ ኮምፖስት ይጨምሩ፤ ዝናቡ ሲረጋ አምስት ስድስት ፍሬ ይዝሩና ሲበቅል ሁለቱን ብቻ ያስቀሩ።

ሒሳቡን ቀድመው ይወቁት። ሩብ ሄክታር 3,900 ያህል ጉድጓድ፣ 12 ኩንታል ገደማ ኮምፖስት ይፈልጋል። ስለዚህ ዘንድሮ 10 በ10 ሜትር ብቻ ይሞክሩ፤ 150 ያህል ጉድጓድና ግማሽ ኩንታል ኮምፖስት ይበቃል። ትኩስ እበት አይጨምሩ፤ ቡቃያውን ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ያመጣል። ዋልካ መሬት ላይ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም፤ ጉድጓዱ ኩሬ ሆኖ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉም ይወይባል።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ መሬቴን የእኩል ሰጥቻለሁ፤ በሬም ጉልበትም የለኝም። እንዲህ ያለው ሥራ ለእንደኔ ያለ ሰው ይሆናል? (ከአዲ አርቃይ)

እህታችን፣ ይሆናል፤ የሚጀመረው ግን ከውሉ ነው። ለአንድ ዓመት የያዘ አራሽ ለእርከን አይጨነቅም፤ እንዲያውም አንድ ፈር ለመጨመር ሲል እርከኑን ያርሰዋል። ውሉ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይሁን። እርከን እንዳይታረስ፣ ከአገዳው ሲሶው ማሳው ላይ እንዲቀር በጽሑፍ ይስፈር፤ ምስክሮችም ይፈርሙ።

እርከኑ ጫፍ ላይ እርግብ አተር ይዝሩ፤ ፍሬው ለወጥ፣ ቅጠሉ ለፍየል፣ እንጨቱ ለማገዶ ይሆናል። በወንፈል መግባት ካልቻሉ በዘር ወይም በምግብ ዝግጅት መካፈል ነውር የለውም።

ከቀበሌያችሁ የተከለለ ተራራ ካለ ሕገ ደንቡ ውስጥ ከብት የሌለው ሰውም የሣር ድርሻ እንዳለው ይጻፍ። ልቅ ግጦሽ የቆመበት ተራራ በመጀመሪያው ክረምት ሣር ይመልሳል፤ ጥቅምት ላይ በማጭድ ታጭዶ የሚገኘውን ድርሻዎን ከብት ላለው ጎረቤት መሸጥ ይችላሉ። ድርሻ ያልተጻፈለት ድሃ ተራራው ሲከለል ማገዶውንም ያጣል። ከለላ ሲፈርስ ያየንበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

እበቱ ሁሉ ለኩበት ይሄዳል። ኮምፖስቱን ከምን እናምጣው? (ከምዕራብ በለሳ)

ከሁሉ በፊት ጊዜውን አስተካክሉ። ጥር ላይ የሚጀመር ኮምፖስት እርጥብ ቅጠልም ውሃም ስለማያገኝ ደርቆ ይቀራል። መስከረም ላይ፣ አረሙ ፍሬ ሳይይዝ ታጭዶ ይጀመር። ጉድጓዱ 1 ሜትር ጥልቀት፣ 1 ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ርዝመት ይኑረው። ከታች አንድ ስንዝር የተቆራረጠ አገዳ፣ ቀጥሎ እርጥብ አረምና ቅጠል፣ ከላዩ ሦስትና አራት ጣት ውፍረት ያለው እበት፣ ከዚያ ስስ አመድና አፈር እያላችሁ እስኪሞላ ደጋግሙ። እበቱ ለማስጀመሪያ ነውና ጥቂት ይበቃል፤ በማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ስትጠቀሙ ከኩበት የሚተርፈው እበትም አይናቅ።

መሐሉ ላይ ረጅም ዱላ ሰክታችሁ ተዉት። በሳምንቱ ስታወጡት ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ደግ ነው። ቀዝቅዞ ከደረቀ ውሃ ጨምሩ፤ ከሸተተ ውሃ በዝቶበታልና ደረቅ አገዳ ጨምራችሁ ገልብጡት። በየወሩ እየተገለበጠ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይበስላል።

በተራቆተው ተዳፋት ላይ ባሕር ዛፍ ብተክልስ? (ከወገራ)

ገንዘብ ያመጣል፤ መሬቱን ግን አያክምም። ሥሩ ሣር ስለማያስጠጋ ጎርፉ እንደ ልቡ ይሄዳል። ከተከሉም ከምንጭና ከእርሻ ድንበር ይራቅ። ለማገዶ ሰስፓንያ ቶሎ ይደርሳል፤ ለዘላቂው ወይራና ግራር ይሻላሉ። የትኛውንም ሲተክሉ የችግኙን ፕላስቲክ ቀድደው ያውጡ። ከነፕላስቲኩ የተተከለ ችግኝ ሥሩ እንደ ገመድ ይጠቀለልና በሁለተኛው ዓመት ነፋስ ሲገፋው ከነሥሩ ይወድቃል።