ግማሽ ቤት መብራት ሲያጣ መጀመሪያ ኒውትራሉን ፈልግ

ጥያቄው የመጣው ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ቤቱ ባለ ሁለት መኝታ ነው። የሁሉም ክፍል አምፖሎች ይበራሉ፤ የሳሎን ሶኬቶችም ይሠራሉ። የማዕድ ቤቱና የመኝታ ቤቶቹ ሶኬቶች ግን ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ጸጥ ብለዋል። ሲጠፋ ማዕድ ቤት ስቶቭ ላይ ወጥ ተጥዶ ነበር። አንድም ብሬከር አልወረደም። የሰፈር ባለሙያ መጥቶ ብሬከር ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ጠያቂው እንዲህ ይላል፦ «ቴስተር ሳስገባ በሁለቱም ቀዳዳ ይበራል። መብራት ካለ ታዲያ ፍሪጁ ለምን አይሠራም?»

ወንድሜ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ቴስተር፣ ያ ትንሽ አምፖል ያለው መሞከሪያ ካቻቢቴ፣ በሁለቱም ቀዳዳ ከበራ ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ) አልጎደለህም። የጎደለህ ኒውትራል (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ) ነው። ከዚያ በፊት ለሳምንታት ፍሪጁ ይጠፋና ይበራ እንደነበር፣ ገመዱን ነካ ነካ ስታደርገው ይመለስ እንደነበርም ነግረኸኛል። ይህ የላላ ብሎን ጸባይ ነው። ሶኬቶች ሽቦውን አንዱ ከሌላው እየተቀባበሉ ስለሚሄዱ፣ እኔ የምጠረጥረው ቦታ ሁለት ነው፦ ከሚሠሩት ሶኬቶች የመጨረሻው ወይም ከማይሠሩት የመጀመሪያው። ከሁለቱ በአንዱ ውስጥ የኒውትራሉ ሽቦ ተቃጥሎ ተላቋል።

ካቻቢቴ ከማንሳትህ በፊት ዋናውን ብሬከር አውርድ። የዚያን መስመር ብሬከር ብቻ ማውረድ አይበቃም። አብዛኛው የመስመር ብሬከር የሚቆርጠው ፌዙን ብቻ ነው። ኒውትራሉ ደግሞ በብዙ ቤት ከሌላ መስመር ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል፤ ሠራተኛው ሽቦ ሲያጥረው ከቅርቡ ያያይዘዋል። ኢንቨርተር ወይም ጄኔሬተር ካለህ እሱንም ለየው።

ጎረቤትም እንዳንተ ከሆነ፣ ወይም አንዱ አምፖል ከልክ በላይ ደምቆ ሌላው ከደበዘዘ፣ ችግሩ ከቤትህ ውጭ ነው። ዋናውን አውርደህ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 ደውል፤ ቆጣሪውን አትንካ። ሦስት ፌዝ የገባበት ግቢ ውስጥም አንዱ ፌዝ ሲጎድል የቤቱ ከፊል ይጠፋል። ያኔ ግን ብዙውን ጊዜ ቴስተሩ በየትኛውም ቀዳዳ አይበራም። ያንተ እንደዚያ አይደለም።

አሁን ቴስተሩ ለምን እንዳታለለህ ላስረዳህ። ሰው የሚነዘረው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ታገሠኝ። ኤሌክትሪክ በፌዝ ይመጣል፣ በፍሪጁ ሞተር ያልፋል፣ በኒውትራል ይመለሳል። ኒውትራሉ ትራንስፎርመሩ ጋ ከመሬት ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሲሆን ቮልቴጁ ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ ቴስተርም አይበራበትም። አሁን ሳሎን ላይ ተበጠሰ እንበል። ፍሪጁ ግን እንደተሰካ ነው። ፌዙ ፍሪጁ ድረስ ይደርሳል፣ በሞተሩ ጥቅል ያልፋል፣ በኒውትራሉ ሊመለስ ሲል መንገዱ ተቆርጧል። መመለሻ ስለሌለው አይፈስም፤ ስለማይፈስም ፍሪጁ አይሠራም። ቮልቴጁ ግን የትም አልሄደም። ከተበጠሰበት እስከ መኝታ ቤቱ ጥግ ያለው ኒውትራል በሙሉ 220 ቮልት ተሸክሞ ቆሟል። ቴስተር ለመብራት የሚበቃው ኮረንቲ እጅግ ትንሽ ስለሆነ በሁለቱም ቀዳዳ ይበራል። መልቲሜትር በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ብታስገባ ግን ዜሮ ወይም የማይረባ ቁጥር ታያለህ፤ ሁለቱም ያው አንድ ፌዝ ሆነዋልና።

ለማረጋገጥ ቀላል ነው። በማይሠሩት ክፍሎች የተሰካውን ሁሉ ንቀል፤ ፍሪጁን፣ ዲቫይደሩን፣ የስልክ ቻርጀሩን ሳይቀር። ቴስተሩን መልሰህ አስገባ። አሁን በአንዱ ቀዳዳ ብቻ ከበራ፣ በሌላው ከጠፋ ወይም ከፈዘዘ፣ የተበጠሰው ኒውትራል ነው።

ለዚህ ነው «ኒውትራል አይነዝርም» የሚሉ ሠራተኞች የሚያስፈሩኝ። ያቺን የተበጠሰች ጫፍ በእጁ የያዘ ሰው የጎደለውን መንገድ ራሱ ይሆናል። ኮረንቲው ፍሪጁን አልፎ በእሱ ገላ ወደ መሬት ይወርዳል። ዋናውን አውርድ። ካወረድክ በኋላም በሚሠራ ሶኬት የሞከርከውን ቴስተር በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ መልሰህ ሞክር።

ወደ ሥራው እንግባ። ከማዕድ ቤቱ ግድግዳ ጋር የሚዋሰነውን የሳሎን ሶኬት ፍታ። ገና ክዳኑ ሲነሳ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ይቀበልሃል። ከአንዱ ብሎን አጠገብ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ያበጠ፣ የሽቦው ልባስ የደረቀና የተሰነጠቀ፣ መዳቡ የጠቆረ ከሆነ አግኝተኸዋል። ደህና ቢመስልም እያንዳንዱን ሽቦ ቀስ ብለህ ሳብ አድርገው፤ የላላው ይወጣልሃል። እዚያ ከሌለ ቀጥሎ ያለውን የማዕድ ቤት ሶኬት፣ ከዚያ በመካከል ያለውን ጀንክሽን ቦክስ (ሽቦዎች የሚገናኙበትን ሳጥን) ክፈት። ቀለም አትመን። ጥቁር ወይም ሰማያዊ ስለሆነ ብቻ ኒውትራል ነው ማለት አይደለም።

የጠቆረውን መዳብ በፒንሳ ቁረጥና የሚያብረቀርቅ እስክታገኝ ወደ ኋላ ሂድ። የተቃጠለ መዳብ ቢጠብቅም መልሶ ይላላል። ሽቦው ካጠረህ አትወጥረው፤ በባለ ብሎን ተርሚናል (ሽቦ ማያያዣ) 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ቀጥልለት። ገቢውንና ወጪውን ኒውትራል በተርሚናሉ አንድ ላይ እሰርና ለሶኬቱ አጭር ቅጥያ አውጣለት። ፌዙንም እንዲሁ። ያኔ ነገ ይህ ሶኬት ቢበላሽ የቀረውን ቤት ይዞ አይሄድም።

ሶኬቱን ጣለው፤ አዲስ ግዛ። ስትገዛ ማግኔት ይዘህ ሂድ። የሽቦ መያዣው ናስ ከሆነ ማግኔት አይዘውም፤ ከያዘው ናስ የተቀባ ብረት ነው። ጀርባው ላይ 16 አምፔር ተብሎ ተጽፎ ውስጡ እንደ ቆርቆሮ የሳሳ ዕቃ ገበያውን ሞልቶታል። ጥቂት ብር ይቆጠባል፣ ቤት ይቃጠላል። ሽቦም ስትገዛ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርገው። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ መልስለት።

ብሬከር የቀየረልህ ሰው ገንዘብህን ነው ያስወጣህ። የላላ ግንኙነት ብሬከር አያወርድም፤ የሚያልፈው ኮረንቲ አልጨመረማ። ሙቀቱ የተፈጠረው እዚያች ብሎን ላይ ብቻ ነው። ሁለት ሽቦ በእጅ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለልም ጥገና አይደለም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ኒውትራል ሲጠፋ ከኤርዙ (ወደ መሬት ከሚወርደው የመከላከያ) ሽቦ ላይ መውሰድ ነው። ፍሪጁ ይነሳልሃል፤ የኤርዙ መስመር አንድ ቀን ሲላላ ግን የፍሪጁም የልብስ ማጠቢያውም አካል ይነዝራል። ሳጥኑ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካየህ አስነቅለው።

ስቶቩን ከዲቫይደር ላይ አንሳው። ምጣድማ ጨርሶ በዚህ መስመር አይሰካ። የምጣድ 3,500 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ነው፤ ፍሪጁ ሲጨመርበት መስመሩ ከአቅሙ በላይ ነው። ለምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል።

ስትጨርስ ክዳኖቹን ግጠም፣ መብራቱን መልስ። ስቶቩን ብቻውን ማዕድ ቤት ሶኬት ላይ ለግማሽ ሰዓት አሠራው፤ ከዚያ ነቅለህ የጠገንከውን ሶኬት ክዳን በእጅህ ጀርባ ዳስሰው። ከሞቀ አንድ ብሎን አሁንም አልጠበቀም፤ ዋናውን አውርድና እንደገና ክፈተው።