የድሬዳዋው ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። ስለ አዲስ አበባ የጥንት ሕንፃዎች አጫጭር ቪዲዮ ትሠራለች። ከአንዱ ሥር አንድ የማታውቀው ሰው «መሃይም! ሳታውቂ አታውሪ» ብሎ ጽፎባታል። «ጋሼ፣ ልመልስለት ወይስ ላግደው?» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት በጋዜጠኝነት የኖረ ሰው መልስ አያጣም ብላ ነው። እኔ ግን ዝም አልኩ። የመጣብኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ለእናንተ ለወጣቶቹም የምጽፈው እርሱን ነው።

ዘመኑ 1985 ነው። የግል ፕሬስ ገና የተፈቀደበት፣ መጽሔት እንደ እንጉዳይ የሚፈላበት ጊዜ። በአንዱ ላይ ዓምድ ነበረኝ። ስለ ምድር ባቡር ስጽፍ፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ከድሬዳዋ ደብዳቤ መጣ። ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ነው። «አንተ ፀሃፊ ነኝ ባይ! አባቴ በ1911 በዚሁ ባቡር አዲስ አበባ ደርሶ ተመልሷል። ባቡሩ በ1917 ከገባ አባቴ በምን ሄደ? በአህያ?» ይላል። ከሥሩ ስምና «የምድር ባቡር ጡረተኛ» የሚል አለ።

ተናደድኩ። ዓመቱን ማጣራት ሲገባኝ የፊደል ግድፈት መልቀም ያዝኩ። «ጸሐፊ» በፀሐዩ ፀ! በሚቀጥለው እትም ግማሽ ገጽ ሙሉ ተሳለቅኩባቸው። «የአባትዎን ባቡር ከመንዳትዎ በፊት ፊደል ይቁጠሩ» ያልኩት እስካሁን ትዝ ይለኛል። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር፣ ጽሑፉ ጥሩ ነበር።

ያልሳቁት አራሚያችን ብቻ ነበሩ። በእርሳሳቸው ጫፍ ዓመቱን ነክተው «ይህ የፈረንጅ አይደለም?» አሉኝ። ነው። ከፈረንጅ መጽሐፍ ስገለብጥ ስምንቱን ዓመት አልቀነስኩም። ባቡሩ የገባው በ1909 ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ፈቅደውት፣ በ1906 ሲያርፉ ገና ከተማቸው አልደረሰም ነበር። እርምት አወጣሁ፤ በመጨረሻው ገጽ፣ ከማስታወቂያ ሥር፣ ሦስት መስመር።

በዓመቱ ለሥራ በዚያው ባቡር ድሬዳዋ ወረድኩ። (በመልሱ ጉዞ አንዲት ነጋዴ ጓዟን ከእግሬ ሥር ደብቃ፣ ፈታሹ ሲመጣ «ባሌ ነው» ያለችው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።) ሽማግሌውን ከዚራ ሰፈር ጠይቄ አገኘኋቸው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ሳቁ፤ «ዓመቱን አስተካክለሃል፣ በቃ» ብለው ቡና አስፈሉልኝ። ዓይናቸውን እያየሁ፣ ደብዳቤውን ማን እንደጻፈላቸው ጠየቅኩ።

«የልጅ ልጄ ናት፤ እኔ እየነገርኳት። ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበረች።»

መጽሔቱ የደረሰ ቀን፣ ደብዳቤዋ ታትሞ ወጣ ሲሏት ሳታነበው ለጓደኞቿ ልታሳይ ትምህርት ቤት ይዛው ሄዳለች። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አትጽፍላቸውም፤ የጎረቤት ልጅ ነው የሚጽፍላቸው። ቡናውን ያቀረበችልኝ እርሷ ነበረች። ቀና ብላ አላየችኝም።

እንግዲህ ምን ልምከራችሁ? ስለ መልካችሁና ስለ ዘራችሁ የሚጽፍ ሰው መልስ አያሻውም፤ ይህን ታውቃላችሁ። ስሙን ለደበቀም አትመልሱ እል ነበር፤ ግን እኔ ራሴ በብዕር ስም ስንቱን ዘልፌያለሁ። እናንተ ከእኛ ይልቅ ቶሎ ትከፋላችሁ፤ ቶሎም ትመልሳላችሁ። በፖስታ ዘመን ቢያንስ ቁጣ የሚበርድበት ጊዜ ነበረ ልል አሰብኩና ተውኩት፤ የእኔ ቁጣ እትሙ እስኪወጣ ድረስ አልበረደም።

የእህቴን ልጅ «ከመሃይም ቀጥሎ ያለውን አንብቢልኝ» አልኳት። ሕንፃው የግሪክ ሳይሆን የአርመን ነጋዴ ነው ይላል ሰውየው። ልታጣራ ነው። የድሬዳዋውን ነገር አውርቼላት ስጨርስ ግን ስለ ሰውየው ረስታ፣ «የልጅቷ ስም ማን ነበር?» አለችኝ።

አልጠየቅኳትም ነበር።