ብቻዋን ለቀረች ጊኒ ፒግ ጓደኛ ስለማምጣት

እህቴ፣ ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፤ የ3 ዓመት ሴት ጊኒ ፒግ (ጅራት የለሽ ትንሽ የቤት እንስሳ) አለችሽ፣ አብራት የኖረችው ከሞተች ሁለት ሳምንት ሆኗል፣ ጥግ ይዛ ትውላለች፣ ማፏጨቷንም ትታለች። ነገ ትንሽዬ ገዝተሽ ኬጇ (የሽቦ ቤቷ) ውስጥ ልታስገቢላት አስበሻል።

ጓደኛ ማምጣቱ ትክክል ነው። ጊኒ ፒግ የመንጋ እንስሳ ስለሆነች መስታወትም፣ አሻንጉሊትም፣ ያንቺ ፍቅርም የቢጤዋን ቦታ አይሞላም። ስዊዘርላንድ ውስጥ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብቻ ማኖር በሕግ የተከለከለው ለዚህ ነው። ግን «ነገ» ያልሽውንና «ኬጇ ውስጥ» ያልሽውን ተያቸው። ማላመድ በአብዛኛው የሚበላሸው በእነዚህ በሁለቱ ነው።

መጀመሪያ ሐዘን ይሁን ሕመም ለዪ። በኩሽና ሚዛን ዛሬውኑ መዝኚያት፣ በየቀኑም በዚያው ሰዓት ድገሚ። ሃያ ሠላሳ ግራም ከፍ ዝቅ ማለት የተለመደ ነው፤ 50 ግራምና ከዚያ በላይ ከቀነሰች፣ ድርቆሽ እያሸተተች ከተወች ወይም አገጯ በምራቅ ከራሰ ጥርሷ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይያት። ግማሽ ቀን ምንም ካልበላች ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ሆዷ ባዶ ሲሆን አንጀቷ መሥራት ያቆማል። የታመመችን ከእንግዳ ጋር ማጋፈጥ በደል ነው።

ለእሷ የሚሆነው ሌላ ሴት ወይም የተኮላሸ ወንድ ነው። ወንዱ ከተኮላሸ በኋላ 6 ሳምንት መቆየት አለበት፣ እስከዚያ ማስረገዝ ሊችል ይችላልና። ያልተኮላሸ ወንድ በፍጹም! በዚህ ዕድሜ ወልዳ የማታውቅ ሴት የዳሌዋ መገጣጠሚያ ስለጠነከረ በምጥ ጊዜ አይላላላትም፤ እናትም ልጆችም ሊሞቱ ይችላሉ። «ሴት ናት» የሚል የሻጭ ቃል አይበቃም፣ በጾታ መሳሳት በጣም የተለመደ ነውና ሐኪም ያረጋግጥልሽ። ወንድ ግልገል ከ3 ሳምንቱ ጀምሮ ማስረገዝ ሊችል ይችላል። አዲሷም ከወንዶች ጋር የቆየች ከሆነች አርግዛ ልትመጣ ትችላለች፤ እርግዝናው ከ59 እስከ 72 ቀን ስለሚወስድ ስታመጫት ላይታይ ይችላል።

ትንሽ ትሁን ትልቅ ከሚለው ይልቅ ጠባይዋ ይበልጣል። ግልገል ለነባሯ ቶሎ እሺ ትላለች፣ ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ስትጎረምስ ነባሯን መፈታተን ትጀምራለች፤ ሩጫዋም ለትልቋ ይከብዳል። እኔ ብመርጥ የምመርጠው ጠባይዋ የታወቀ፣ ዝግ ያለች ትልቅ ሴት ነው፤ ያውም ካልተስማሙ መልሶ ከሚቀበል ሰው። ጥንቸል ግን ጓደኛ አይሆናትም። እርግጫው አጥንት ይሰብራል፣ እሱን የማያሳምመው የሳንባ ባክቴሪያም እሷን ሊገድል ይችላል።

አዲሷን ከ2 እስከ 3 ሳምንት በሌላ ክፍል አቆዪ። የመተንፈሻ ሕመም፣ የእከክ ተባይና የቆዳ ፈንገስ የሚገለጡት በዚህ ጊዜ ነው። ሁልጊዜ ነባሯን ቀድመሽ መግቢ፣ ከአዲሷ በኋላ እጅሽን ታጠቢ፣ ልብስም ቀይሪ። ሽታ እንዲለምዱ ብለው በዚህ ጊዜ ጨርቅ የሚያለዋውጡ አሉ፤ ተባዩም ፈንገሱም በጨርቁ ስለሚሻገር የማቆያው ጥቅም ይቀራል።

የሚገናኙት ሁለቱም በማያውቁት ቦታ ነው። ኬጁ የነባሯ ግዛት ነውና እንግዳ ሲገባባት ትከላከላለች። ቢያንስ አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ወለል አጥሪ፣ እንዳያንሸራትታቸው ፎጣ አንጥፊ፣ መሐሉ ላይ ትልቅ የድርቆሽ ክምር አድርጊ፣ ቅጠላ ቅጠል በየቦታው በትኚ። መደበቂያ ካስገባሽ ሁለት በር ያለው ካርቶን ይሁን፤ አንድ በር ብቻ ካለው አንዷ ሌላዋን ውስጥ አግታ ትነክሳታለች። ጠዋት፣ ሥራ በሌለሽ ቀን፣ እኩል አስገቢያቸውና እጅሽን ሰብስቢ።

ከዚህ በኋላ የምታዪው ያስደነግጥሻል። ማጉረምረምና ዳሌ እየወዘወዙ መዞር፣ ቂጥ ማሽተት፣ አንዷ በሌላዋ ላይ መውጣት፣ ማባረር፣ አፍንጫን ወደ ላይ ቀስሮ መፋጠጥ፣ አጭር የጥርስ ማንቀጫቀጭ፣ ሽንት መርጨት፣ የተባረረችው መጮኋ፣ ይህ ሁሉ ማን የበላይ እንደሆነች መነጋገሪያቸው ነው። ጩኸቱ «እሺ፣ ገብቶኛል» ማለቷ ነው። እዚህ ላይ አዝነሽ ካነሣሻት ክርክሩ ሳያልቅ ይቋረጣል፣ ነገ እንደገና ከሀ ይጀምራል፤ በየቀኑ አሥር አሥር ደቂቃ እያገናኙ መለየት የሚከሽፈውም ለዚሁ ነው። ቢያንስ ሦስት አራት ሰዓት ስጫቸው።

የሚያሰጋው ሌላ ነው፦ ሁለቱም ጸጉራቸው ቆሞ፣ ጥርሳቸውን ሳያቋርጡ እያፋጩ ፊት ለፊት ሲካበቡና ፊት ላይ ሲወረወሩ። ያኔ በመሐላቸው ወፍራም ካርቶን ወይም የቆሻሻ ማንሻ አስገቢ። ተያይዘው ከተንከባለሉ ፎጣ ጣይባቸው፤ ባዶ እጅ አታስገቢ፣ ንክሻቸው ጥልቅ ነው። ደም ከወጣ የዚያ ቀን ሙከራ አበቃ።

ጎን ለጎን ድርቆሽ መብላት ወይም ማረፍ ከጀመሩ ወደ ኬጁ ለመግባት ደርሰዋል። ኬጁን ቀድመሽ በእኩል መጠን በተቀላቀለ ውኃና አቼቶ እጠቢ፣ ምንጣፉን ለውጪ፣ ዕቃውን አዘዋውሪ፤ የነባሯ ሽታ እንዳይቀር። ስፋቱ ለሁለት አንድ ካሬ ሜትር ያህል ይሁን። የውኃ ጡጦ፣ የድርቆሽ ቦታ፣ መደበቂያ ሁሉም ሁለት ሁለት፣ ተራርቀው። በአንድ ላይ ማጠብ ያቀራርባል የሚሉሽን አትስሚ፤ ዝም የሚሉት ስለፈሩ ነው። ሌሊትም አትለያዪያቸው።

እስከ ሁለት ሳምንት መባረሩ ይኖራል፤ ሁለቱንም በየቀኑ መዝኚ። አንዷ እየቀነሰች ከሄደች ከምግብ እየተከለከለች ነውና ሦስተኛ የድርቆሽ ክምር ጨምሪ።

ደም ፈስሶ ከሆነ ቁስሉን ሐኪም ይይ፣ ከዚያ ኬጁን ቀዳዳው ከ2 ሳንቲሜትር በማይሰፋ ሽቦ ለሁለት ክፈዪ፣ አፍንጫ እንዳይነካከሱ። ቁስሉ ሲድን በሌላ አዲስ ቦታ ሞክሪያቸው። እንደገና ከተናከሱ ሽቦው ይቆይ። ድርቆሹን በሽቦው ግራና ቀኝ አድርጊው፤ አንዷ የሌላዋን ድምፅ እየሰማች፣ እየተያዩ፣ በአንድ ሰዓት ይበላሉ፣ አጠገብ ለአጠገብም ይተኛሉ።