መሥራቹ ካለፉ በኋላ ስልቱ በማን እጅ ይቆያል?

ጥያቄ፦ የምሠለጥንበትን የማርሻል አርት ስልት የመሠረቱት መምህራችን ተተኪ ሳይሰይሙ ዐረፉ። ከነባር ተማሪዎቻቸው ሁለቱ «ትክክለኛውን ያስተማሩት እኔን ነው» ይላሉ፤ የሚያሳዩን እንቅስቃሴም በአንዳንድ ቦታ ይለያያል። የመምህራችን ውርስ እንዳይጠፋ ከየት እንጀምር?
ጥቁር ቀበቶ የታጠቅሁ ሠልጣኝ

መልስ፦ ክርክሩን ለሁለት ከፍለው ቢመለከቱት ይሻላል። አንዱ የእንቅስቃሴው ትክክለኛነት ሲሆን፣ ሌላው ስሙንና ማዕረግ የመስጠት ሥልጣኑን ማን ይያዝ የሚለው ነው፤ በአብዛኛው ሰዎች የመጀመሪያውን እያነሡ የሚጣሉት በሁለተኛው ነው።

የኪዮኩሺን ካራቴ መሥራች ማሱታትሱ ኦያማ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሞቱ ሾኬይ ማትሱይን ተተኪ የሚያደርግ ኑዛዜ ቀርቦ ነበር፤ ይሁንና ቤተሰባቸውና አንዳንድ ነባር ተማሪዎቻቸው ስላልተቀበሉት ድርጅቱ በዚያው ስም በሚጠሩ በርካታ ቡድኖች ተከፋፈለ። የቴኳንዶው ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲያርፉ እንቅስቃሴዎቹን በፎቶግራፍ አስደግፈው በዝርዝር ያብራሩበትን ባለ15 ቅጽ ኢንሳይክሎፒዲያ ትተው ነበር። በውስጡ የሰፈሩት 24 ፓተርኖች (በቅደም ተከተል የተቀናበሩ የእንቅስቃሴ ልምምዶች) ዛሬም ይሠራሉ፤ ፌዴሬሽናቸው ግን በአንድ አመራር ሥር አልቆየም።

ወደ እንቅስቃሴው ልዩነት ስንመጣ፣ ሁለቱም ተማሪዎች እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። መምህር በዕድሜው ልክ ትምህርቱን ይለውጣል። የአይኪዶ መሥራች ሞሪሄይ ኡዬሺባ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ካስተማሯቸው አንዱ የሆኑት ጎዞ ሺዮዳ ያቋቋሙት ዮሺንካን የተባለው የአይኪዶ ትምህርት ቤት ጠንካራና ቁጥብ እንቅስቃሴ ሲታይበት፣ ከጦርነቱ በኋላ የተማሩት ብዙዎቹ ግን ለስለስ ያለና የሚፈስ አሠራር ይዘዋል። ስለዚህ «ማን ነው ትክክል?» ከማለትዎ በፊት እያንዳንዳቸው ከመምህሩ ዘንድ የተማሩት በየትኞቹ ዓመታት እንደሆነ ይጠይቁ።

ቀጥሎ ሁለቱንም ለየብቻ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ አንድ ዓይነት ካታ (በቅደም ተከተል የተቀናበረ የእንቅስቃሴ ልምምድ) እያሠሩ ከፊትና ከጎን በቪዲዮ ይቅረጹ። ከቀረጻው በኋላ «እዚህ ላይ መምህሩ ምን ብለው ያርሙህ ነበር?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ከቀኑ ጋር ይጻፉ፤ እግር የሚያርፍበትን ቦታ ቪዲዮው ያሳያል፣ ለምን እዚያ እንደሚያርፍ ግን የሚያውቀው የታረመው ሰው ነው። የሁለቱ አሠራር ሲለያይ አንዱን ሰርዘው ሌላውን አያጽድቁ፤ ሁለቱንም ከነዘመናቸው ያስቀምጡ። ይህ ሥራ የነባሮቹ ዕድሜና ጤና ሳይቀድመው መሠራት ስላለበት፣ የአመራሩ ጉዳይ እስኪፈታ መጠበቅ የለበትም።

ስለ ስሙና ስለ ማዕረጉ የጁዶን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ማሠልጠኛ እ.ኤ.አ. በ1882 መሥርተው በ1938 በመርከብ ጉዞ ላይ ሳሉ ሲሞቱ፣ ማዕረግ የሚሰጠው ተቋም በእግሩ ከቆመ ቆይቶ ነበር። ለምሳሌ ናጌ ኖ ካታ የሚባለው 15 አጣጣሎች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ በቀኝም በግራም ስለሚሠራ ፈታኞች ተማሪውን የሚመዝኑበት የጋራ መለኪያ ነበራቸው። እናንተም ለጊዜው መሪ ከመምረጥ ይልቅ፣ ማንኛውም የጥቁር ቀበቶ ፈተና ሁለቱ ነባሮች በተገኙበትና በሁለቱም ፊርማ ብቻ እንዲጸድቅ በጽሑፍ ብትስማሙ እመርጣለሁ። የመምህሩ ማስታወሻዎችና ፎቶግራፎች በወራሾቻቸው እጅ ከሆኑ ደግሞ ከቤተሰቡ ፈቃድ ጠይቃችሁ ቅጂ ውሰዱ፤ ዋናው እዚያው ይቆይ።