«የአባዬን ይዤ ነው የምሄደው»

ከምሥራቅ ጎጃም የጻፉልኝ እናት የ16 ዓመት ልጅ አላቸው። በግጭቱ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሁለት ዓመት ቤት ዋለ። ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ሲመለስ ከእሱ የሚያንሱት ልጆች «አባባ» እያሉ ይሳለቁበታል። በቀደም ማታ ለታናሽ እህቱ «አሳያቸዋለሁ፤ የአባዬን ይዤ ነው የምሄደው» አላት። አባትየው ሲነገራቸው ሳቁ፤ «ወንድ ልጅ ይፎክራል» አሉ። ክላሹ ጥይት እንደጎረሰ አልጋ ሥር ነው።

እህቴ፣ ፉከራማ በአደባባይ ነው። ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ የሚፎክር ሰው እንዲሰማለት ብሎ ነው ድምፁን የሚያነሣው። ልጅዎ ግን በጨለማ፣ ለትንሽ ልጅ ጆሮ ነው የነገረው። ይሄን ፉከራ አልለውም።

በአሜሪካ ከ1974 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. የደረሱ 37 የትምህርት ቤት ጥቃቶች ተጠንተው ነበር። ከአሥሩ በስምንቱ ያህል አስቀድሞ የሰማ ሰው ነበር፤ የሰማውም ባብዛኛው ጓደኛ ወይም ወንድምና እህት ነው። ከአጥቂዎቹ ከሦስት ሁለት እጅ የሚበልጡት መሣሪያውን ያገኙት ከገዛ ቤታቸው ወይም ከዘመድ ቤት ነው። እንዲህ የሚናገር ልጅ ሁሉ ያደርገዋል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው አያደርገውም። የእርስዎ ልጅ የቱ እንደሆነ ግን እኔም እርስዎም ከሩቅ አናውቅም።

ባለቤትዎን «ጠመንጃውን ከቤት አውጣ» ካሏቸው ወሬው ከልጁ ወጥቶ ወደ እሳቸው ወንድነት ይዞራል። በዚህ ጊዜ ቤትዎን ባዶ ያድርጉ ማለት እኔንም ይከብደኛል። ስለዚህ የሚጠየቁት ይህን ያህል ነው፦ መጀመሪያ ካዝናው ይነቀል፣ ከዚያ የጎረሰው ጥይት ይውጣ፣ ጥይቱ ለብቻው ይቆለፍ፣ ቁልፉ ከወገባቸው አይለይ። ልጁ የቁልፉን ቦታ ካወቀ አልተቆለፈም። ጠመንጃው አጎት ቤት ይሂድ የሚሉም አሉ፤ ልጁ ሲፈልግ የሚያድርበት ቤት ከሆነ ምን ተለወጠ? እርስዎን እምቢ ካሉ የንስሐ አባታችሁ ይንገሯቸው። ሚሺጋን ውስጥ በ2021 እ.ኤ.አ. አንድ ተማሪ አባቱ በገዛው ሽጉጥ አራት ተማሪዎች ገደለ፤ እናትና አባቱም በ2024 ከ10 እስከ 15 ዓመት ተፈርዶባቸዋል። ይህንም ያንሡላቸው።

ልጁን አባቱ ፊት አስቀምጠው አይመርምሩት። ከብት ሲመልስ ወይም ገበያ ስትሄዱ፣ ጎን ለጎን እየተራመዳችሁ፣ «ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሉህ ሰማሁ» ብለው ይጀምሩ። ከዚያ ዝም ይበሉ። ሁለት ዓመት የተቀማ ልጅ በስድቡ ብቻ አይደለም የሚናደደው፤ ያለፈበት ጊዜም ያንገበግበዋል። ራሱን ለመጉዳት አስቦ እንደሆነም በግልጽ ይጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራበትም።

ትንሿን አደራ። «ወንድሟን ያሳጣች» የሚል ስም ከወጣላት ሁለተኛ አትናገርም። ብቻዋን ሲሆኑ «ደግ አደረግሽ» ይበሏት።

ለክፍሉ ኃላፊ መምህር ስድቡንም ዛቻውንም ይንገሩ። ዕድሜያቸው ያለፈባቸው ሌሎች ተማሪዎችም ስለሚኖሩ አብሯቸው እንዲቀመጥ ይጠይቁ። የአንድ ልጅ ስም ጠርቶ ወይም ቀን ቆርጦ ከተናገረ ግን በዚያ ቀን ከቤት አይውጣ፤ ትምህርት ቤቱም ሳይውል ሳያድር ይወቅ።

ጥይቱ ዛሬ ማታ ይውጣ። ባለቤትዎ ያሉትን ይጻፉልኝ።