«ደበረኝ» እና «ድባቴ አለብኝ»

ጥያቄ፦ እህቴን ሐኪም «ድባቴ አለብሽ» አላት። ቤት ውስጥ ግን «ሁላችንንም ይደብረናል፤ አትጨነቂ፣ ያልፋል» ይሏታል። ድብርትና ድባቴ አንድ ናቸው? «የአእምሮ በሽተኛ» ማለትስ ነውር አለው?

መልስ፦ ቤተሰቡ የተሳሳተው ቃሉ ስላሳሳተው ይመስለኛል። የረዘመ ስብሰባም፣ የተሰረዘ ቀጠሮም «ደበረኝ» ያሰኛል፤ ምክንያቱ ሲያልፍ ስሜቱም ያልፋል። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ግን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ ከሞላ ጎደል በየቀኑና አብዛኛውን የቀኑን ክፍል የሚቆይ ሐዘን ወይም የፍላጎት መጥፋት ነው። እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ጉልበትና ትኩረትም አብረው ይናጋሉ። በምክርና በንግግር ሕክምና ወይም በመድኃኒት፣ አንዳንዴም በሁለቱም ይታከማል። ሕመሙን «ድብርት» ማለት ስሕተት አይደለም፤ ብዙዎች ይሉታል። ሆኖም ከ«ደበረኝ» ጋር ሥሩ አንድ ስለሆነ ሰሚው ቀላሉን ትርጉም ይዞ ይሄዳል። «ድባቴ» ከ«ድብት አለኝ» ወገን ነው፤ ክብደቱ ይሰማል። ለሕመሙ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

«አትጨነቂ» የሚለውን ደግሞ ልብ ብለው ይዩት። አማርኛ ስለ ጭንቀት ሁለት አነጋገር አለው። «ጨነቀኝ» ሲባል ጭንቀቱ አድራጊ፣ ሰውየው ተቀባይ ነው፤ «ራበኝ»፣ «በረደኝ»፣ «አመመኝ» እንደምንለው ማለት ነው። «ተጨነቅሁ» ሲባል ግን ባለቤቱ ሰውየው ራሱ ይሆናል። ትእዛዙ የሚወጣው ከዚህ ከሁለተኛው ነው፤ ስለዚህ «አትጨነቂ» ስንል ነገሩ በእጇ እንዳለ፣ ብትፈልግ እንደምትተወው አድርገን ነው። የበረደውን ሰው «አይብረድህ» ብንለው ምኞት እንጂ ሕክምና አይሆንም። ሕመሙ የፈቃድ ድክመት ነው የሚለው አስተሳሰብ ሳናስተውለው በግሡ ውስጥ ያልፋል። እህትዎን «ጨነቀሽ?» ብሎ መጠየቅ ከዚያ እጅግ ይሻላል፤ የሚሰማት ነገር እንደመጣባት ያምንላታልና።

«በሽተኛ»ን በተመለከተ፣ «-ኛ» የሚለው ቅጥያ ሰውን በአንድ ነገር ይጠራዋል፤ ፈረሰኛ፣ ቀልደኛ፣ ሐሰተኛ። «ሕመምተኛ»ም ያው ቅጥያ አለበት፤ ጆሮ ላይ ለስለስ ቢልም አሠራሩ አልተለወጠም። «እብድ»ማ ሰውየውን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል፤ ስለ ማንም ሰው ባንለው እወዳለሁ። ቋንቋችን የተሻለ መንገድ አለው፤ «የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው»። «ገንዘብ አለው» እና «ዕዳ አለበት» የምንለውን ያስታውሱ፤ «-በት» የተጫነን ነገር ያመለክታል። ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳው አይደለም። ሐኪሙም «አለብሽ» ማለቱ ትክክል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ «አይምሮ» ተብሎ ሲጻፍ አያለሁ። ትክክለኛው «አእምሮ» ነው፤ ከግእዙ «አእመረ» የመጣ ሲሆን እርሱም ዐወቀ፣ አስተዋለ ማለት ነው። ምናልባት የዚህ የጥንት ትርጉም ጥላ ይሆናል ብዙ ሰው የአእምሮ ሕመምን ከዕውቀት ማነስ ጋር እንዲያምታታ የሚያደርገው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ሌላ ነገር ነው፤ መማርንና ነገርን መረዳትን የሚመለከት ሲሆን ከልጅነት ጀምሮ ይታያል። ድባቴ ግን በየትኛውም ዕድሜ፣ የተማረውንም ያልተማረውንም ይይዛል፤ እህትዎም ትላንት የምታውቀውን ዛሬም ታውቃለች።