መልስ፦ በበጎ አድራጎት ቦታ የለንደን ማራቶንን መሮጥ

ሰላም እህቴ። ዕጣው ስላልወጣልሽ በአንድ የኩላሊት ሕሙማን መርጃ ድርጅት በኩል ለለንደን ማራቶን ልመዝገብ ወይ፣ ገንዘቡንስ ከሐበሻው እንዴት ልሰብስብ ብለሻል።

ተመዝገቢ። ግን ድርጅቱ ቦታውን ገዝቶ ስለሚሰጥሽ ብዙ ጊዜ 2,000 ፓውንድ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ እንድታመጪ ቃል ያስገባሻል። ቢጎድል ከኪስሽ ትሞያለሽ ወይ? ይህን ቀድመሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

የእኛ ሰው ልማድ እንደ ዕድር መዋጮ ጥሬ ገንዘብ ለአንድ ሰው ማስያዝ ነው። እዚህ ግን ያከስርሻል። ጊፍት ኤይድ የሚባል አሠራር አለ፤ የብሪታንያ ግብር ከፋይ በራሱ ስም ሲሰጥና ፎርሙ ላይ ምልክት ሲያደርግ ድርጅቱ በእያንዳንዱ 1 ፓውንድ ላይ 25 ፔንስ ከመንግሥት ያገኛል። አሥር ሰው በእጅሽ የሰጠሽን ጠቅልለሽ ብታስገቢው ግን ጭማሪው ቀረ። ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉን አግኝተሽ እያንዳንዱ በራሱ ስልክ እንዲከፍል አድርጊ፤ እናቶችን ልጆቻቸው ያግዟቸው። አዲስ አበባ ያለው ዘመድሽም መስጠት ይችላል፣ ጭማሪው ባይታሰብለትም። መሥሪያ ቤትሽንም ጠይቂ፤ ሠራተኛቸው የሰበሰበውን ያህል የሚጨምሩ አሉ።

ውድድሩ ሚያዝያ ላይ ስለሚውል ልምምዱ ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል። ሽሮና ምስር ለሯጭ ምንም አይሉም፤ የሚከብደው ሳይበሉ መዋሉ ነው። ረጅሙን ሩጫ ቅዳሜ አድርጊው፣ ያን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የለምና። 30 ኪሎ ሜትር ከደረስሽ ይበቃል፤ 42ቱን በልምምድ መጨረስ አያስፈልግም።

የመለገሻ ገጹን ስትከፍቺ ሊንኩን ላኪልን።